ፈክረዲን ያላየው ድብድብ

ዱባይ ላይ አውሮፕላን ቢያነጥስ ቴክሳስ፣ ዩለስ ላይ ሆኖ «የርሐሙከላህ» የሚል ሰው ቢኖር ፈክረዲን ነው። መተዳደሪያው ከኤርፖርት ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ቫን መንዳት ይሁን እንጂ የተፈጠረው ለዜና ነው። ሾፌሮቹ በስሙ አይጠሩትም፤ «ሰበር» ይሉታል፣ ሰበር ዜና ለማለት።

ወሬኛ ነው ብሎ ማለፍ ግን ግፍ ይሆናል። በዳላስ ዙሪያ የሚኖሩት ወሎዬዎች የዋትስአፕ ግሩፕ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው አለው። ግማሾቹ ቀኑን ሙሉ ሲሠሩ ውለው እንግሊዝኛ ለማንበብ ጊዜውም ዐቅሙም የላቸውም። ለእነሱ የሚያነበው፣ ወደ አማርኛ የሚመልሰው፣ በድምፁ ቀድቶ የሚልከው ፈክረዲን ነው። የትምህርት ቤት ምዝገባ ሲከፈት እሱ፣ መንገድ ሲዘጋ እሱ። ታዲያ ሲመልስ እንዳለ አይመልሰውም፤ ቅመም ጣል ያደርግበታል። ባለፈው ዓመት ስለ አውሎ ነፋስ በላከው ድምፅ ሰባት ቤተሰብ ፍራሹን ተሸክሞ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ዋለ። አውሎ ነፋሱ የነበረው ኦክላሆማ ነው።

ልጁ አርዋ ሌላ ፍጥረት ናት። ሪቻርድሰን ከተማ ያለው ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መስጊድ ውስጥ ሕፃናትን ቁርኣን ታስቀራለች። በዚያ ሰሞን አገር ያሳበደ ፊልም ወጥቶ ነበር፤ ሁለት ጥቁር እህትማማቾች የጠፈር መርከብ እየነዱ ከፀሐይ ማዶ የሚሻገሩበት። አርዋ ሠላሳ አንዱን ተማሪዎቿን ፍሪስኮ ሲኒማ ቤት ወስዳ ልታሳያቸው ወር ሙሉ ለፋች። ወላጅ በወላጅ እየደወለች አስፈቀደች።

«አባ፣ ልጆቹ እነሱን የሚመስል ሰው እዛ ላይ ሲያዩ፣ ማለቴ፣ ፊታቸውን ማየት ነው የምፈልገው» አለችው።

«ታዲያ ሌላ ማን ሊነዳችሁ ነው!» አለ ፈክረዲን ደረቱን ነፍቶ።

ሐሙስ ቀን፣ ቫኖቹ ተራ በሚጠብቁበት ሜዳ ላይ ቆሞ ሳለ ስልኩ ላይ አንድ ፎቶ ዱብ አለ። የነጭ ሰውዬ ፊት ነው። አንድ ዓይኑ ጭራሽ ጠፍቷል፤ ከንፈሩ ተገልብጦ አገጩን ሊነካ ደርሷል። ከሥሩ በእንግሊዝኛ፣ ሰውዬው ያንኑ ፊልም ሊያይ ሄዶ ጥቁሮች «ይሄ ለእናንተ አይደለም» ብለው በር ላይ ቀጠቀጡት ይላል።

ፈክረዲን ፎቶውን አተኩሮ ሲያየው ውስጡን የሆነ ነገር ኮረኮረው። እንዲህ ያለ ፊት የት ነው የማውቀው? የልጁም ፊልም ትዝ አለው። «ልደውልላት እንዴ?» አለ ለራሱ። ግን ከጎኑ ባለው ቫን ውስጥ ክፍሉ የሚባለው ሾፌር አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቷል። ክፍሉ በሥራ ባልደረባው፣ በወሬ ባላንጣው ነው።

«ሰበር! ደረሰህ ወይስ ልቅደምህ?» አለው ክፍሉ በመስኮት።

«አንተ ስትነቃ እኔ ጨርሻለሁ!» አለና መቅጃውን ተጫነ።

አራት ደቂቃ ተናገረ። ምን ያላለው አለ? አንዱ ሰውዬ በአፉ አምስት ሆነ። በር ላይ የነበረው ዱላ አዳራሽ ገባ። ወለሉ ደም በደም ሆነ። የት እንደሆነ እንኳ ያልተጠቀሰው ድብድብ «እዚሁ አፍንጫችን ሥር» ተደረገ። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጥቁሮቹን እንደሆነ ታውቋቸዋላችሁ። ልጆቻችሁን ያዙ» አለ።

ይህን ያለው የወረኢሉው ፈክረዲን ነው፤ መልኩ እንደ ክረምት ሌሊት የጠቆረው ፈክረዲን።

ከሥራ ሲመለስ በሩን የከፈተችለት ሚስቱ ራዚያ ናት። «ና ግባ ሰበር። የሠራኸው ሥራ ሳሎን ተቀምጦ ይጠብቅሃል።»

አርዋ ሶፋው ላይ ኩርምት ብላለች። ስልኳ መጮህ አላቆመም። ከሠላሳ አንዱ ልጆች ሃያ ሰባቱን ወላጆቻቸው አስቀርተዋቸዋል። ቀና ሳትል የተቀዳውን ድምፅ ከፈተችለት።

«አባ፣ ይሄ አንተ ነህ?»

«እኔን… ይመስላል።»

«ይመስላል?» አለች ራዚያ። «ሃያ ሁለት ዓመት ጆሮዬ ሥር ሲያንኮራፋ የኖረው ድምፅ ሊጠፋኝ ነው?»

አርዋ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር። ፎቶውን ፈልጋ ምንጩን ለማግኘት አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። ሰውዬው ንብ አርቢ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ማር ሲቆርጥ ንቦቹ ተረባርበው ነድፈውት፣ በራሱ ገጽ ላይ እየሳቀ የለጠፈው ፎቶ ነው። ሌላ ሰው ሰርቆ ዱላ አለበሰው።

ፈክረዲን ፎቶውን እንደገና አየው። አባቱ ወረኢሉ ላይ አርባ ቀፎ ነበራቸው። ማር በተቆረጠ ማግስት የአባቱ ፊት ይኸው ነበር፤ አንድ ዓይን ጠፍቶ፣ ከንፈር ተገልብጦ። ቅቤ ይቀባላቸው የነበረው እሱ ነው። ከዳላስ እስከ ፎርት ወርዝ ንብ የነደፈውን ፊት ከተደበደበ ፊት የሚለይ አንድ ሰው ቢፈለግ እሱ ነበር። ደግሞም ለይቶት ነበር! ዓይኑ ሊነግረው ሲል፣ ክፍሉ እንዳይቀድመው ብሎ ዓይኑን ዝም አሰኘው።

«ሶ፣ ውሸቱን ተወው» አለች አርዋ። «ሰው ይሳሳታል። ግን "ጥቁሮቹን ታውቋቸዋላችሁ" አልክ። እኔ ምንድን ነኝ አባ? ያን ነገር የጻፈው ሰው በር ላይ ሲያየኝ "ኦ፣ ይቺ የፈክረዲን ልጅ ናት" ይላል?»

መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠው በወደደ፤ የዩለስ አፓርታማ ወለል ግን ምንጣፍ ነው፣ አይከፈትም።

ከሁሉ የከፋው ምስጋናው ነበር። ድምፁ ሚኒያፖሊስ ደርሶ፣ ሲያትልን ዞሮ፣ ለራሱ ለፈክረዲን ከአምስት ሰው ተመልሶ መጣለት። «አላህ ዕድሜ ይስጥህ፣ ልጆቻችንን አተረፍክልን!» ይሉታል። ሊያጠፋው ሞከረ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ማስተባበያ ቀዳ፦ «ቀደም ሲል የተሰራጨው መረጃ ትክክል አለመሆኑ ተገልጿል።» አርዋ ሰምታ፣ «ማን ነው ያሰራጨው?» አለችው። እንደገና ቀዳ፦ «እኔ ፈክረዲን ዋሽቻችኋለሁ።» ከአራት መቶ አሥራ ሁለቱ አሥራ አንድ ሰው ሰማው። ከአሥራ አንዱ ሦስቱ፣ «አይዞህ ወንድም፣ ማን አስፈራርቶህ ነው?» ብለው ጻፉለት።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቤት ለቤት ሊዞር ተነሣ። አገሩ ቢሆን በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ ይቆማል። እዚህ ድንጋይ ተሸክሞ አፓርታማ በር ላይ የቆመ ሰው ግን ከይቅርታው በፊት ፖሊሱ ይደርስለታል። ስለዚህ ባዶ እጁን አንኳኳ። የመጀመሪያው በር የጁወይሪያ ነው፤ ልጆቻቸውን ካስቀሩት እናቶች አንዷ ናት፤ ሁለት አስቀርታለች።

«ፈክረዲን! ግባ እንጂ፣ የኛ ጠባቂ!»

«አልገባም ጁወይሪያ። አፉ በይኝ ልል ነው የመጣሁት። ያልኩት ሁሉ ውሸት ነው።»

«እንዴት ይሆናል? አንተው አይተህ ነው የነገርከን።»

«አላየሁም።»

«ወለሉ ደም በደም ነው ብለህ የለ?»

«ደሙን የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

ጁወይሪያ አንገቷን ነቀነቀች። «ስማኝ ወንድሜ፤ የሐሙሱ ፈክረዲን ቆፍጠን ብሎ ነው የተናገረው። አንተ ትንተባተባለህ። እኔ የማምነው ያኛውን ነው።» ከዚያ ጠጋ ብላ፣ «ደሞስ፣ ጥቁሮቹን አታውቃቸውም እንዴ?» አለችው።

የራሱ ቃል በሰው አፍ ሲመለስ እንዲህ ይከረፋል ለካ።

«እኛስ?» አላት። «እኛ ምንድን ነን?»

«እኛማ ሐበሻ ነን» አለችና በሩን በጨዋ ደንብ ዘጋችው።

አሥራ ዘጠኝ በር አንኳኳ። ቅዳሜ ጠዋት የመጡት ልጆች ዘጠኝ ናቸው። በአንድ ቫን በቁ፤ ወንበርም ተረፈ።

ፍሪስኮ ሲደርሱ የሲኒማ ቤቱ መግቢያ ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቷል፣ አንድ ወጣት ጥበቃ ቆሟል። ከፊታቸው የነበሩ ነጭ ባልና ሚስት ሻንጣ የሚያህል ቦርሳ አንጠልጥለው ገቡ። ጥበቃው አርዋንና ልጆቹን ሲያይ እጁን ዘረጋ።

«ይቅርታ፣ ኦንላይን የሚወራ ነገር ስላለ ቦርሳ እየፈተሽን ነው።»

«ከፊታችን የገቡትን አልፈተሽክም» አለችው አርዋ።

የጥበቃው ጆሮ ቀላ። «ያዘዙኝን ነው የማደርገው።»

የልጆቹ ቦርሳ አንድ በአንድ ተከፈተ። ራዚያ ክፍለ ጦር የምትቀልብ ያህል የጠቀለለችው ሳምቡሳ ጠረጴዛው ላይ ተደረደረ። ትንሿ፣ የስድስት ዓመቷ ልጅ፣ ማንም ሳይጠይቃት ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ቀጥ ብላ ቆመች።

ፈክረዲን ይህን ሲያይ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። «ወሬውን ያወራሁት እኔ ነኝ» አለ በእንግሊዝኛ። «ለአራት መቶ ሰው።»

ጥበቃው ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። «የኔም እናት ልካልኛለች ሰር። ያልላከው ማን አለ? እባክዎን እጅዎን ከፍ ያድርጉ።»

ከፍ አደረገ። አርዋ ተንበርክካ የትንሿን ልጅ እጆች ቀስ ብላ አወረደችላት፤ ሂጃቧን አስተካከለችላትና ዘጠኙንም ይዛ ገባች። አባቷን ና አላለችውም፤ ቅርም አላለችውም። ትኬቱን ከሳምቡሳው አጠገብ አስቀምጣለት ሄደች።

«ጨርሰናል ሰር» አለው ጥበቃው። ትንሽ ቆይቶ ደገመለት፦ «ሰር፣ ጨርሰናል።»

ፈክረዲን ግን እጁን ማውረድ አፍሮ እንደቆመ ቀረ።