ሐኪም ያላየው ጆሮ

ከእግዚአብሔር ያልደበቅሁትን ነገር ከእናንተ ስድስት ዓመት ለምን ደበቅሁት? ወገኖቼ፣ ፈርቼ ነው። ግን ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር መቀመጥ አልቻልኩም። ስሙ ይባረክ!

በፊት ቂመኛ ሴት ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው፤ በዚያው ዓመት ወንጌልን አንብቤ ለጌታ ተሸነፍኩ። እሁድ እሁድ ቃሉን እንዳነብላችሁ ስትመርጡኝ፣ ከዚያ የሚበልጥ ክብር አላውቅም ነበር። ስለዚህ ቀኝ ጆሮዬ እየፈሰሰ ሲደነቁር፣ "ከእንግዲህ ትረፍ" እንዳትሉኝ ፈራሁ። ነጭ ሽንኩርት በሞቀ ዘይት ጨመርኩበት፤ ባሰበት። ግራውም ሲደክም፣ "ዘመድ ታሞብኝ ነው" ብዬ ዋሽቻችሁ የመስሚያ መሣሪያ ልገዛ ደሴ ሄድኩ።

ሻጩ ሐጂ በጆሮዬ የወተፍኩትን ጥጥ ሲያዩ መሣሪያውን ወደ ሣጥኑ መለሱት።

"ሐኪም አይቶሻል?"

"እኔ መስማት ብቻ ነው የምፈልገው።"

"በሚፈስ ጆሮ ላይማ አልሸጥልሽም፤ አላህ ይጠይቀኛል! አብሽሪ ልጄ፣ መጀመሪያ ተመርመሪ።"

"ሌላ ቦታ እገዛለሁ!"

"እንግዲያው እዚያም እንዲከለክሉሽ ዱዓ አደርጋለሁ።"

ተናድጄ ወጣሁ፤ እግሬ ግን ወደ ሐኪም ወሰደኝ። ጌታ ይመስገን! ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ጥንቃቄዋ ግን ይገርማል። ሁለቱንም ጆሮዬን በብርሃን አየች፣ መስማቴን ለካች፣ ያልኳትን አንድ በአንድ ጻፈች።

"ከታምቡሩ ጀርባ አጥንት የሚበላ እብጠት አለ" አለችኝ። "ደፍነሽው ብትቆዪ ወደ አንጎልሽ ሊዘልቅ ይችል ነበር።"

ሃሌሉያ! በቀዶ ጥገና አወጡልኝ፤ ቀኙ ደረቀ። ለግራው ሐኪሟ ያዘዘችውን መሣሪያ ከእኒያው ሐጂ ገዛሁ። ገበያቸውን ትተው ነፍሴን ላዩልኝ ሰው በልቤ ተንበረከክሁ።

ወገኖቼ፣ በጌታ ታመኑ፤ ሐኪምንም የሰጠን እርሱ ነው። ጆሮው የደከመ ካለ ሳይመረመር መሣሪያ አይግዛ።

ከእናንተ መካከል መጀመሪያ የነገርኩት፣ ባለፈው እሁድ፣ ሁልጊዜ አጠገቤ ለሚቀመጡት ለእትዬ አሰገደች ነው። ሰው ሲበተን ሻሼን ገለጥ አድርጌ መሣሪያውን አሳየኋቸው።

"እትዬ፣ እኔ እኮ አልሰማም ነበር። አሜን የምለው የእርስዎን አፍ እያየሁ ነው።"

ሁለቴ አስደገሙኝ። ከዚያ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

"ወይ ልጄ! እኔስ ያንቺን እያየሁ አይደል!"

ማክሰኞ አብረን ሐኪም ዘንድ ነን።