ጫማ ጠባቂው ታፈረ ማኅበር ያወጣ ዕለት

ላሊበላ ውስጥ ታፈረን የማያውቅ እግር የለም። ሥራው በአብያተ ክርስቲያናቱ በር ተቀምጦ የሰው ጫማ መጠበቅ ነው። እኔ ጥሩነሽ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቱ ስለሆንኩ ከነጠባዩ አውቀዋለሁ። ደግ ነው፣ ሰው ያከብራል፤ አረቄ ሲያይ ግን ይህ ሁሉ ይጠፋበታል።

ባለፈው ገና ሞቅ ብሎት ጫማ ሲመልስ የአንዱን ፈረንጅ ቡትስ ከሙጃ ከመጣ አንድ ገበሬ ኮንጎ ጫማ ጋር አጣምሮ አንድ አንድ እግር ሰጣቸው። ፈረንጁ የአገሩ ባህል መስሎት እየሳቀ ፎቶ ተነሣ። ገበሬው ግን አልሳቀም፤ ቡትሱን አውልቆ ታፈረን እያሳደደ ገበያውን አዞረው። እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፤ ሚስቱ ባንቺዓለም ግን በሐፍረት አለቀሰች። በማግስቱ ልብሷን ጠቅልላ ገነተ ማርያም ወላጆቿ ዘንድ ሄደች። «መጠጥ መተውህን በዓይኔ እስካይ ድረስ ጫማዬ እዚህ ቤት አይወልቅም» አለችው።

ታፈረ ያለ እሷ አይሆንለትም። ወጥ ሲሠራ እንኳ ጨውና ስኳር አይለይም። ጨጓራው ሲያመው ጤና ጣቢያ ሄደና ሲስተር ማኅሌት የምትባል ነርስ «መጠጥ መተው የሚፈልጉ ሰዎች እዚህ ረቡዕ ረቡዕ እየተሰበሰቡ ይመካከራሉ፤ ለምን አትመጣም?» አለችው።

ሄደ። ሰው እንዳያየው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ ያገኘውን በር ገፍቶ ገባና ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ማታ «እንዴት ነበር?» ስለው፣ ፊቱ ጠቁሮ «ጥሩ ነው፤ ግን ይከብዳል። ስድስት ወር ሙሉ ከወተት በቀር ውኃ እንኳ እንዳይቀመስ ነው የሚሉት» አለኝ። ለካ የገባው እናቶች ስለ ጡት ማጥባት ከሚማሩበት ክፍል ነው! ሰዎቹ ሁሉ ሕፃን ታቅፈው ሲያይ እንኳ አልጠረጠረም። «ሰካራም ሁሉ ልጅ ይዞ ይመጣል እንዴ?» ብዬ ስጮህበት፣ «የቸገረው ምን ያደርጋል ብዬ ነው» አለ።

በሚቀጥለው ረቡዕ እጁን ይዤ ትክክለኛው በር አደረስኩት። እዚያ ሁሉም በየተራ ስሙን ተናግሮ «መጠጥ አሸንፎኛል» ይላል። ታፈረ ግን ተራው ሲደርስ «እኔ ጫማ ጠባቂ ነኝ» ብሎ ይቀመጣል። ይህንኑ እያለ ፋሲካ አለፈ፤ መጠጥ ግን እዚያ ከገባ ወዲህ በአፉ አልዞረም፣ ይህን እኔ እመሰክራለሁ።

የጤና ጣቢያው መስኮት ላይ ወሬኛ ሲበዛባቸው ስብሰባውን እንደ ማኅበር በየተራ በየቤታቸው ሊያወጡ ተስማሙ፤ ተረኛው ዳቦና ተልባ ያቀርባል። የታፈረ ተራ ሲደርስ ለባንቺዓለም ደወለ። «የሰካራሞች ስብሰባ» ማለት አፈረና «ማኅበር ገብቻለሁ፤ እሑድ ተራዬ ነው፤ ነይልኝ» ብቻ አላት።

እሷ ታዲያ ባሌ ሰው ሆነ ብላ ፈነደቀች። በላስታ ጠላ የሌለበት ማኅበር ደግሞ ለባለቤቲቱ ውርደት ነው። እሑድ ሁለት ጀሪካን ጠላ በአህያ አስጭና ከች አለች። ታፈረ አህያዋን ሊያራግፍ ተጠጋ። እሷም ጣቷን ቀስራ «ለእንግዶችህ ነው። አንተ ብትቀምስ ግን ይህችው አህያ ትመልሰኛለች» አለችው። እሱም ጀሪካኖቹን ተሸክሞ ወደ ቤት አስገባ።

እኔ ቤታቸው ገብቼ ዳቦ ስቆርስላቸው፣ ከማኅበርተኞቹ መጀመሪያ የደረሰው አረጋ ነው፣ ባጃጅ ነጂው። ሽታው ሲመታው አንድ እግሩን ከቤት፣ አንዱን ከደጅ አድርጎ ቆመ። ሌሎቹም ገቡና ለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። ባንቺዓለም በእጇ መዳፍ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና «በሉ እንግዲህ» ብላ ለአረጋ ቀዳችለት። የአረጋ ቀኝ እጅ ተነሣ፤ ግራ እጁ ጎትቶ አስቀመጠው። እንደገና ተነሣ።

«ምነው? ጠላዬ ምን ሆነና ነው የምትጠየፉት?» አለች ባንቺዓለም፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። ነጠላዋን አነሣች። ይሄኔ እኔም ደነገጥኩ፤ ከዚያ ቤት ከወጣች እንደማትመለስ አውቃለሁ።

ታፈረ ብድግ አለ። «ባንቺ፣ ማንም አልተጠየፈሽም። ይህ ማኅበር መጠጥ ለመተው የምንመካከርበት ነው። እኔ ታፈረ እባላለሁ። መጠጥ አሸንፎኛል። ላንቺ መንገር አፍሬ ነው» አለ።

«ተናገረ! ዛሬ ተናገረ!» ብሎ አረጋ ሲያጨበጭብ ቤቱ ሁሉ ተከተለው። ባንቺዓለም ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። አናቱ ላይ ልትደፋበት ነው ስል፣ «ይህን ቀድመህ ብትነግረኝ ጌሾ መውቀጡ ይቀርልኝ አልነበር!» ብላ እያለቀሰች ሳቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ጥሩነሽ፣ ይህን ነገር ከቤቴ አውጪልኝ» አለች። እኔ ሁለት ጊዜ አስለምኜም አላውቅም፤ ጀሪካኖቹን ይዤ በሩጫ ወጣሁ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ባዶዎቹን ጀሪካኖች ልመልስ ብቅ አልኩ፤ ጠላው የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቀኝ እንዳይኖር። ደጁ ላይ የባንቺዓለም ጫማ የለም። «ሄደች እንዴ?» አልኩ ክው ብዬ።

ታፈረ ጎንበስ አለና ወደ አልጋው ሥር ጠቆመኝ። ጫማዋ ታጥቦ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

«የሰው ጫማ ስመልስ ነው የኖርኩት» አለኝ። «ይህችን ግን አልመልስም።»