ሦስተኛው ጥሪ

ፊደል የቆጠርኩት በደርግ ጊዜ፣ ጢሜ ሸበት ካለ በኋላ ነው፤ ሸዋ ሮቢት። ከከተማ ተልኮ ያስተማረን ወጣት ለቀበሌው ልጆች ብሎ አንድ ልብወለድ ጻፈ። ጀግናው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እዚሁ እኛ ማሳ አጠገብ፣ ጉብታው ላይ የተቀበረው የጥንቱ የይፋት ሱልጣን! ከመቃብሩ ተነሥቶ አንዲት ልጅ በስሟ ይጠራል፤ እሷም «አቤት» ብላ ትከተለዋለች።

«በመጀመሪያው ጥሪ ነው የምትመልስለት?» አልኩት። በእኛ አገር በቀትር፣ መቃብር አጠገብ ስምህን ብትሰማ ሦስተኛውን ሳትጠብቅ አቤት አትልም። ሙት የሚጠራው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ሦስት ጊዜ ካስጠራሁት ታሪኩ ይንዛዛል» ብሎ ሳቀ። «ደግሞ ሰውየው ከሞተ ስንት ዘመኑ!»

«የሞተው ለአንተ ነው። አንተ ነገ ወደ አገርህ ትሄዳለህ፤ ጎረቤቱ እኔ ነኝ።»

አልሰማኝም። ልጄም ታሪኩን ወዳው በቃሏ ያዘችው። አንድ ቀን በቀትር ማሽላ ስናርም፣ ቅጠል እንኳ በማይንቀሳቀስበት ሰዓት፣ «አቤት!» ብላ ብድግ አለች፤ ፊቷን ወደ ጉብታው አዙራ። ዘልዬ እጇን ያዝኩ።

«ማን ጠራሽ?»

«አንተ ነህ እንጂ፣ አባ።»

ወላሂ፣ አፌን አልከፈትኩም ነበር።

አስተማሪው ጊዜውን ጨርሶ ወደ ከተማው ሄደ። እኔ ልጄን ቤት ውስጥ እንኳ ሦስት ጊዜ እየጠራሁ ልማዱን ልመልስላት ለፋሁ። አልሆነም። አሁንማ አቤት የምትለው እኔ መጥራት ሳልጀምር ነው።