የጥድ ልብስ የለበሰው ቤት

ዳባት ያለው የአባቴ የጭቃ ቤት ዝናብ በሚመታው በኩል በየክረምቱ እየታጠበ ማገሩ ወጥቷል። ሌላ ክረምት እንደማይችል አየሁ። ጎንደር ማራኪ ሰፈር ተከራይቼ የሥነ ሕንፃ ትምህርት የጨረስኩት እኔ እያለሁ የአባቴ ቤት ሊወድቅ ነው? አልኩ።

በትምህርቴ ካየኋቸው ቤቶች ልቤን የወሰዱት በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ አሜሪካኖች በባሕር ዳርቻ የሠሯቸው ናቸው። ጣሪያውም ግድግዳውም ስስ የሳንቃ ቁርጥራጭ ይለብሳል፤ አንዱ የሌላውን ራስ ስለሚሸፍን ውሃው ተንሸራቶ ይወርዳል። ሺንግል ይሉታል። ቤቱን እንደ ጋቢ ይጠቀልለዋል። ጎንደር አራዳ ካለ እንጨት መሸጫ አሮጌ የጥድ ሳንቃ አግኝቼ አስቆረጥኩና ከአንድ አናጺ ጋር ግድግዳውን አለበስነው። ሰኔ ገብቶ ስለነበር እጃችን አላረፈም። እህቱ ዘንድ ሰንብቶ የመጣው አባቴ በሩ ላይ ቆመ። አሸተተ።

«ሸጋ ነው። ከየት ደብር ነው?»

እኛ አገር ዕድሜው የገፋ ጥድ የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ብቻ ነው። ለእኔ ግን የታየኝ ሳንቃው ነበር።

«ካልታወቀ አልገባም» ብሎ በረቱ አጠገብ ካለችው ዳስ ተኛ። ደረቱን የሚያመው ሰው ነው፤ ሳሉ ቤት ድረስ ይሰማኛል። እንዲህ ያለ ግትርነት ያበግነኛል! ጎንደር ወርጄ ነጋዴውን አፋጠጥኩት። ጣሊያን ከሠራው ቤት ፍራሽ መሆኑን ሲነግረኝ ደስ ብሎኝ እዚያው ቆሜ ደወልኩ።

«ጣሊያንስ ከየት ቆረጠው?» አለ አባቴ። ሳል አቋረጠው።

እሁድ የንስሐ አባቱን ለምኜ አመጣሁ። ጸበል ረጩና «ሳታውቁ የገዛችሁት ነው፤ ግባ ልጄ» አሉት። መስቀል ተሳልሞ ተመልሶ ዳሱ ገባ።

«አያ፣ ምነው በራስዎ ይጨክናሉ?» አለው አናጺው።

«አባ ፈትተውኛል። ለታቦት ጥላ የነበረ እንጨት ተደግፌ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ከሰዓት ዝናቡ ወረደ። የዳሱ ሣር ማፍሰስ ጀመረ፤ እሱ ካለበት አልተነሳም። ይሞትብኛል ብዬ ፈራሁ። መዶሻ ይዤ መሰላል ላይ ወጣሁና እያለቀስኩ ሳንቃውን መንቀል ያዝኩ። ያን ጊዜ ከዳሱ ወጥቶ መሰላሉን ደገፈልኝ።

«ቀስ አርጊ፣ እንዳይሰበር። ለደብራችን ቤተልሔም ግድግዳ ይሆናል» አለኝ።

ሲመሽ ቤቱ ገባ። አልጋው ያለው ራቁቱን ከቀረው ግድግዳ ሥር ነው። ወደ ሌላው በኩል ልናዛውረው ብንል «ተዉኝ፣ ቤቴ ነው» አለና ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። ዝናቡ አላባራም። አባቴ ሳይስል ተኛ፤ እኔ ጭቃው እየተላቀቀ ሲወርድ እየሰማሁ ከራስጌው ቁጭ ብዬ አደርኩ።