ከሻሽ ሥር የወጣው ምንጣፍ

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነውን ሰዎች በቅድሚያ አንድ በአንድ ልቁጠር። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ የኤሌክትሪክ ሥራን ሰው የጣላቸውን ዕቃዎች እየፈታሁ የተማርኩ፣ ልጆቼ ፊት ብዙም የማልስቅ አባት። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት፤ ሰው ከእኔ ይልቅ እሷን ይወዳል፣ ምክንያቱንም አውቃለሁ። ሦስተኛዋ የአሥራ አንድ ዓመት ሴት ልጄ፣ አራተኛው የሰማውን የማይረሳው የስምንት ዓመት ወንድሟ። አምስተኛዋ ሰበታ በሚገኘው ቤታችን ጓሮ አንዷን ክፍል የተከራየችን ወጣት ናት፤ ከደቡብ መጥታ ልብስ ፋብሪካ ትሠራለች፣ እሁድ እሁድ ቸርች ትዘምራለች፣ ልጆቼ “እታባ” ይሏታል። ስድስተኛው የዚያ ፋብሪካ የበር ጠባቂ፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው። ከዚህ ነገር በፊት አላውቃቸውም ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከትምህርት ቤት ነው። የሴት ልጄ መምህርት “ከወዳደቀ ነገር አንድ የሚጠቅም ዕቃ ሠርታችሁ አምጡ” ብላ አዘዘች። ከሱቅ የተገዛ የፕላስቲክ አበባ ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ከትተው “ልጃችን ሠራችው” የሚሉ ወላጆች እንዳሉ አውቃለሁ። እኔ ቤት ይህ አይደረግም አልኩ። ልጅ በሐሰት ማርክ ካገኘ፣ ነገ በሐሰት ደመወዝ ያገኛል።

እሁድ ከሰዓት በኋላ እኔና ሁለቱ ልጆቼ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። አንድ ያለቀ አንሶላ፣ ሁለት የባለቤቴ ጉርድ ቀሚሶች፣ ልጆቹን የጠበቧቸው ካናቴራዎች፣ ቡራዩ ያለችው የባለቤቴ እህት የላከችው አንድ ፌስታል አሮጌ ልብስ ነበረን። ጨርቁን በሁለት ጣት ስፋት እየቀደድን፣ ሦስት ሦስቱን እየጎነጎንን፣ ጉንጉኑን ከመሐል እየጠመጠምን በመርፌ መስፋት ጀመርን። ማንም አላሳየኝም፤ እንደ ሌላው ሥራዬ ሁሉ በራሴ እደርስበታለሁ ብዬ ነበር።

“አባዬ፣ ክሩን በጣም እየሳብከው ነው” አለች ልጄ።

“ካልጠበቀ ይፈታል።”

“ይኸው ሳህን ሆነ።”

እውነትም መሐሉ ጎድጉዶ ጠርዙ ተነስቶ ነበር። ወንድሟ አንስቶ ጭንቅላቱ ላይ ደፋውና “ኮፍያ ነው! ኮፍያ ነው!” እያለ ግቢውን ዞረ። ልቆጣ ነበር፤ ተውኩት። የሰፋሁትን ሁሉ ዝም ብዬ ተረተርኩና ክሩን አላልቼ እንደገና ጀመርኩ። ምንጣፉ መሬት ላይ ተኛ። “ልክ ነበርሽ” ያልኳት ግን በማግስቱ ነው። ይህ መጥፎ ልማዴ ነው።

ምንጣፉ የትሪ ያህል ሲሆን ጨርቅ አለቀብን። ተከራያችን ከሥራ ስትገባ አየችው።

“ጋሼ፣ ይሄማ ለድመት ነው የሚበቃው!” ብላ ሳቀች። “ስለ ጨርቁ አታስቡ፣ እኔ አለሁ።”

ከማግስቱ ጀምሮ በየቀኑ አንድ ጭብጥ የካናቴራ ቅዳጅ ታመጣ ጀመር። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ውሃ ሰማያዊ፤ ከልብስ ጠርዝ የተቆረጠ ስለሆነ መቅደድ እንኳ አያስፈልገውም ነበር። ልጆቹ በሩጫ ይቀበሏታል። በሁለት ሳምንት ምንጣፉ ካልጋ ሥር የሚነጠፍ ሆነ። ጨርቁ ከየት እንደሚመጣ አልጠየቅኩም። ለምን እንዳልጠየቅኩ ዛሬ ሳስበው፣ ምንጣፉ እያማረ ስለሄደ ነው።

አንድ ቀን ወንድ ልጄ “አባዬ፣ እታባ ጨርቁን ከጭንቅላቷ ነው የምታወጣው” አለኝ። ሻሿን ስትፈታ አይቷት ነበር። ጠራኋት። እንደ ጨዋታ ነገረችኝ።

“ጋሼ፣ ፍተሻ ላይ ኪስ ይታያል፣ ቦርሳ ይታያል። ሻሽ ማን ይፈታል?”

“የተፈቀደ ከሆነ ለምን ይደበቃል?”

“የሚጣል እኮ ነው! በጆንያ ተጠቅጥቆ ነው የሚወጣው።”

“ተፈቅዷል ወይስ አልተፈቀደም?”

ሳቋ ጠፋ። “አልተፈቀደም” አለች። “ግን ማንም አይፈልገውም።”

ቅዳሜ ጠዋት ምንጣፉን ጠቅልዬ ማዳበሪያ ውስጥ ከተትኩ። ልጆቹንም ይዤ ልወጣ ስል ባለቤቴ በሩ ላይ ቆመች።

“ለማን ነው የምትመልሰው? ማን አምጣ አለህ?”

“ለባለቤቱ። ልጆቹም ይዩ።”

“ልጅቷስ?”

“ስሟን አልጠራም።”

ፋብሪካው በር ስንደርስ ሽማግሌው ጠባቂ ከዱላቸው ጋር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

“አካም ቡልተን፣ አባባ” ብዬ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አልኳቸው።

“ነጋ፣ ነጋ፤ ደህና ነኝ። ምን ይዘህ መጣህ?”

አስረዳኋቸው። ይህ ምንጣፍ የተሠራው ከፋብሪካው ጨርቅ ነው፤ ቤቴ የገባው ያለ ፈቃድ ነው፤ ልጆቼ ሐቅን እንዲማሩ ፊታቸው ልመልስ መጣሁ አልኩ። ድምፄንም ከፍ አድርጌ ነበር። ሽማግሌው ምንጣፉን ዘርግተው አዩት፤ ከዚያ ልጆቹን፤ ከዚያ እኔን ብዙ ጊዜ አዩኝ።

“ማን አወጣው?”

“አልናገርም” ለማለት ተዘጋጅቼ ነበር። ነገር ግን ስንት ዓመት ለእነዚሁ ልጆች “ስትጠየቁ እውነቱን መልሱ” ስል ኖሬ፣ ፊታቸው ዝም ማለት ውሸት መስሎ ታየኝ። “ተከራያችን ናት” አልኩ። ስሟን ነገርኳቸው፤ የምትሠራበትን ክፍልም ጨመርኩ። ልጄ እጄን ለቀቀች።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው መዝገቡን ገለጡና ቀስ እያሉ ጻፉ። “እሺ፣ እዚህ ተወው። ሂድ” አሉኝ።

መንገድ ላይ ልጄ “ስሟን አልጠራም ብለህ ነበር” አለችኝ። ወንድሟ “እታባን ያስሯታል?” እያለ እቤት እስክንደርስ ጠየቀኝ።

ተከራያችን ከሰዓት በኋላ እንደ ወትሮዋ ገባች፤ ፋብሪካ ውስጥ ማንም ምንም አላላትም። ራሴ ነገርኳት። ሌላ ሰው እንዲነግርልኝ አለማድረጌ በዚያ ቀን የሠራሁት ብቸኛው ደህና ነገር ነው። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

“ባለፈው ወር አንዷን ለአንድ ጥቅል ክር አባረዋታል” አለች። “ሰኞ እኔ ነኝ። ወንድሜን የማስተምረው እኮ በዚህ ነው፣ ጋሼ።” አልተቆጣችም። ገብታ ልብሶቿን ሻንጣ ውስጥ ማጠፍ ጀመረች።

ባለቤቴ ከቤት ወጣች። “እውነቱን የተናገርከው አንተ፣ የምትከፍለው እሷ” አለችኝ። “እንዲህ ያለው እውነት ርካሽ ነው።”

ልክ ነበረች። ራሴ ሁለት ሳምንት በዚያ ጨርቅ ሰፍቻለሁ። ለመክፈል የሄድኩት ግን በሰው እንጀራ ነው። እሁድ በረንዳው ላይ ማንም አልተቀመጠም። ልጆቹ ሳይጠሩኝ ምሳ በሉ። ተከራያችንም ከቸርች ዓይኗ አብጦ ተመለሰች።

ሰኞ ሱሉልታ አንድ ሕንፃ ላይ መስመር የምዘረጋበት ሥራ ነበረኝ። ቀረሁ። ከእሷ ጋር ወደ ፋብሪካው ሄድኩ፤ አብራኝ አልሄደችም ማለት ይቀላል፣ ሁለት እርምጃ ቀድማኝ ነበር። ሠራተኛው ተሰልፎ ሲገባ እሷም አንገቷን ደፍታ ገባች። ሰልፉ ሲያልቅ ወደ ሽማግሌው ቀረብኩ።

“አባባ፣ የቅዳሜው ጥፋት የኔ ነው። ሳልጠይቅ ተቀብዬ የሰፋሁት እኔ ነኝ። የሚጠየቅ ሰው ካለ እኔን ጻፉኝ።”

“አንተ ደግሞ ስም ማስጻፍ ትወዳለህ!” አሉ። መዝገቡን አንስተው ወደ እኔ አዞሩት። “ካነበብክ አንብበው።”

እንዲህ ይላል፦ “አንድ ምንጣፍ። ለጥበቃ ቤት። ከአካባቢው ነዋሪ በስጦታ የተገኘ።”

“ስሟስ?”

“የምን ስም? ይሄኛው ጆሮዬ አይሰማም።” በዱላቸው ወደ እግራቸው ሥር ጠቆሙኝ። ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ሰማያዊው ምንጣፋችን ወንበራቸው ሥር ተነጥፏል። “ጨርቁ የማን ነበር? የፋብሪካው። አሁን የት ነው? ፋብሪካው ውስጥ። ታዲያ ምን ጎደለ?”

“ግን እኮ በስጦታ አይደለም…” ብዬ ጀመርኩ።

“ወይ ጉድ! ሂድ አንተ ሰውዬ፣ ሳልጽፍህ!” ካሉ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ለልጅቷ ንገራት። ከዛሬ ጀምሮ ሻሽም ይፈታል።”

መንገዱን ተሻግሬ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ከደረቴ ላይ ኩንታል የወረደልኝ ያህል ተነፈስኩ። የጭነት መኪናዎቹ አቧራቸውን እያለበሱኝ ሲያልፉ ብቻዬን እስቅ ነበር።

ከሥራ ስትመለስ በር ላይ ጠበቅኳትና ነገርኳት። እያለቀሰች ሳቀች። “ጋሼ፣ ሁለተኛ ምስጢር አልነግርዎትም!” አለችኝና ሻንጣዋን ልትፈታ ገባች። ባለቤቴ እዚያው የልጅቷ አልጋ ላይ ተቀምጣ ልብሶቹን ታቀብላት ነበር።

ለልጆቼ ሁሉንም አጫወትኳቸው፤ የመዝገቡንም ጽሑፍ አልደበቅኩም።

“ታዲያ አባባ ዋሹ ማለት ነው?” አለች ልጄ።

“ዋሹ።”

“አንተስ ደስ አለህ?”

“ደስ አለኝ” አልኳት። አየችኝና ተወችኝ። ይህን ጉዳይ እስከ ዛሬ አስተካክዬ ልመልስላት አልቻልኩም፤ የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ ከማስተምራት ይህ ይሻላል።

የትምህርት ቤቱ ማስረከቢያ ቀን ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ጨርቅም ምንጣፍም አልነበረንም። የክረምት ኮቴን አወጣሁና መቀሱን ለልጄ ሰጠኋት። “የራሳችን ነው፣ ቁረጪ።” ወፍራም ስለሆነ አልጎነጎን አለ። ተከራያችን መጥታ ቀጠን አድርጎ መቁረጥ አሳየችን። የወጣው ምንጣፍ አመድማና ትንሽ ጎርባጣ ነው። መምህርቷ ከክፍሉ በር ላይ አነጠፈችው።

እንግዲህ ሁላችንንም ያስከፈለን ድምር ይኸው፦ ከተከራያችን ሁለት ሌሊት እንቅልፍ፣ ከባለቤቴ አንድ እሁድ፣ ከልጆቼ የሁለት ሳምንት ስፌት፣ ከሽማግሌው አንድ መስመር ውሸት፣ ከእኔ የአንድ ቀን ደመወዝና በሱሉልታ ብርድ የምለብሰው ኮት።