እናቴ በጣውላ ያቆመችው ግንብ

ምስማር ከጣውላ ሲነቀል ሲጥ የሚለው ድምፅ፣ በመንገድ ሳልፍ ከአንድ ግንባታ ቦታ ከመጣ ዛሬም ደሜን ያፈላዋል። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከሸዋ ሮቢት ዝቅ ብሎ ማሾና ማሽላ በሚዘራበት መንደር ነበር፤ አባቴ በሞተ በዓመቱ ክረምት የጭቃው ግድግዳ ውሃ ጠጥቶ አበጠና፣ አንድ ጠዋት በጓሮ በኩል ተደረመሰ።

የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ይማም የታወቀ ግንበኛ ነበር። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ እዚህ ስጽፍ ግን አንቱታውን ነፍጌዋለሁ። ድንጋይ ጠርቦ፣ በሲባጎና በቱንቢ አስተካክሎ ሲገነባ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያየው ነበር፣ እኔም እኮራበት ነበር። እናቴ የፈረሰውን ግድግዳ እንዲሠራልን ስትለምነው ግን መስከረም ይጥባ፣ ማሽላው ይታጨድ እያለ ሲያመላልሳት ከርሞ፣ በኅዳር የልቡን ተናገረ።

«ከድጃ፣ ቤት ምን ያደርግልሻል? ልጆችሽን ይዘሽ አሊዩ አምባ አባትሽ ቤት ግቢ። ቦታውን እኔ እይዘዋለሁ።»

እናቴ በመስኖ ቦይ ሥራ ላይ ውሃ ስታመላልስ፣ ሠራተኞቹ ጣውላ ግራና ቀኝ አቁመው መሃሉን በድንጋይና በሲሚንቶ ሲሞሉ፣ ሲደርቅም ጣውላውን ፈትተው ከፍ ሲያደርጉት አይታ ነበር። በዚያ በጋ ማሾዋን ሸጣ ሲሚንቶ ገዛች፣ ጣውላ ከጎረቤት ተዋሰች። እኔና ታናሽ እህቴ ከሮቢ ወንዝ በአህያ ድንጋይ እናመጣ ነበር፤ እሷ ጠፍጣፋውን ፊት ወደ ጣውላው አዙራ እየደረደረች፣ የተቦካውን ሲሚንቶ ከኋላው እያፈሰሰች በዱላ ትጠቀጥቀው ነበር። ሐሩሩ እንዳይሰነጥቀው እርጥብ ጆንያ እናለብሰው ነበር።

ግንቡ ትከሻዬ ጋ ሲደርስ ጋሼ ይማም መጣ።

«ይሄ ግንብ ነው? ገንፎ ነው እንጂ!» አለና ምስማሩን ይነቅል ጀመር። ያን ጠዋት የሞላነው ገና እርጥብ ነበር። እናቴ «ይተዉ ጋሼ፣ በአላህ!» እያለች ጣውላውን በትከሻዋ ደገፈችው፤ አልቻለችም፣ ድንጋዩ ግራ እግሯ ላይ ወረደ።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች ግቢያችን ተሰበሰቡ። የእናቴ እግር በጨርቅ ተጠቅልሎ ጫማ አልገባ ብሎ ነበር። «ታላቅሽ ነው» አሏት፣ «ግንበኛ እያለ ራስሽ ስትገነቢ ስሙን አጠፋሽበት። ይቅርታ ጠይቂው።» ጎንበስ ብላ «አውፍ ይበሉኝ» አለች። ስለ እግሯ እሱን የጠየቀው ሰው አልነበረም። በር ላይ ቆሜ ያን ሳይ፣ ድንጋይ አንስቼ በሁሉም ላይ መወርወር አምሮኝ ነበር።

በማግስቱ እያነከሰች ጣውላውን መልሳ መታች፤ የበልጉ ዝናብ ሳይጥል ቆርቆሮ አለበስነው። ግንቡ ሁለት ቦታ አብጧል፣ ጥጉም ጠማማ ነው። የጋሼ ይማም ግንብ ያምራል፣ አልክድም። እኛን ያስጠለለን ግን የእሷ ነው።

ዛሬ የጋሼ ይማም ልጆች ሸዋ ሮቢት ከተማ ውስጥ በጣውላ እየሞሉ አጥር ይሠራሉ፤ ሰዉም ዘመናዊ ብሎ ያደንቃቸዋል። አባታቸው ጥላ ሥር ተቀምጦ ያያቸዋል፣ አንድም ቀን ገንፎ ነው ሲላቸው አልሰማሁም። እናቴ ያን ቀን ሳነሳባት «አውፍ ብዬዋለሁ፣ ተይው» ትለኛለች። እኔ ያኔም አላልኩትም፣ ዛሬም አልልም።