ዝገት ያልነካው አፈሙዝ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም። ለእናንተ የምነግራችሁም ስለምወዳችሁ አይደለም።

አስቀድማችሁ ማን እንደነበርኩ እወቁ። ጉለሌ ውስጥ ፈቃድ አውጥቼ ጠብመንጃ እጠግን ነበር። ያስተማረኝ የለም፤ አንድ አሮጌ ነፍጥ ስፈታና ስገጥም በገዛ ጭንቅላቴ የተማርኩ ነኝ። ዲፕሎማ ያላቸው ሲያቅታቸው ወደ እኔ ይልኩ ነበር። በመግዛት ደግሞ የሚስተካከለኝ አልነበረም። ደህና አፈሙዝ፣ ደህና ቃታ፣ ያልተሰነጠቀ ሰደፍ፣ ሁሉንም ሌላው በሚከፍለው ግማሽ አገኝ ነበር። ዘዴዬ ቀላል ነው፤ የፈለግኩትን ዕቃ አልጠይቅም፣ እሰድበዋለሁ። ባለቤቱ ራሱ "በል ውሰድልኝ" እስኪል ድረስ እሰድበዋለሁ።

ጋሽ ደምሴ ሸጎሌ ከብት የሚነግድ ሰው ነበር። ከአባቱ የወረሰው ጠብመንጃ ቃታው ላልቶበት፣ ከሚስቱ ሁለት ወንድሞች ጋር ይዞት መጣ። አፈሙዙን ወደ ብርሃን አቅንቼ አየሁት። እንደ መስተዋት ያበራል። ለሌላ ደንበኛ ስፈልገው የከረምኩት ዓይነት ነበር።

"ይሄንማ ዝገት ጨርሶታል" አልኩ።

"ኧረ በየሳምንቱ ዘይት እቀባዋለሁ!"

"በምን? በወጥ ዘይት?" አልኩት። "ቢተኩሱት ፊትዎ ላይ ነው የሚፈነዳው። ነፍጥ መያዝ የወንድ ሥራ ነው፣ ጋሽ ደምሴ።"

የሚስቱ ወንድሞች ሳቁ። ታናሽየው "እኛ ደግሞ ስንፈራህ የኖርነው በዚህ ነው?" አለው።

ጋሽ ደምሴ ፊቱ ጠቆረ። አጎንብሶ በገዛ ዓይኑ ማየት ይችል ነበር፤ ግን እኔን አመነ። በቁራጭ ብረት ዋጋ ትቶልኝ ሄደ። በማግስቱ ጠርቼ እውነቱን ልነግረው አልችልም ነበር? እችል ነበር። እኔ ግን ሳፏጭ ዋልኩ።

ከዓመታት በኋላ ሞተ። ከእንጦጦ ማዶ፣ የተወለደበት መንደር ድረስ ለቅሶ ሄድኩ። በዚያ አገር ደንብ የሟች ነፍጥ በለቀስተኛው መካከል ይዞራል። ለጋሽ ደምሴ የዞረለት ዱላ ነው። አስለቃሿም እንዲህ ስትል አወረደችው፦

"አባቱ አውርሰውት ያን የመሰለ ነፍጥ፣
ምነው ዝም ብሎ አየው በዝገት ሲለወጥ።"

የሚስቱ ወንድሞች አገር ያዳረሱት የእኔ ውሸት ነው በሷ አፍ የወጣው። ሚስቱ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። ተነስቼ "ዋሸሁ፤ አፈሙዙ ንጹሕ ነበር" ማለት ብቻ ነበረብኝ። አራት ቃል! እኔ ምን አደረግሁ? ከሰው ጋር ራሴን ነቀነቅሁ።

ዘመኑ ነው፣ ንግድ ነው አልልም። ይቅርታም አልጠይቃችሁም፤ እናንተ ምን አገባችሁ? ይቅር ሊለኝ የሚችለው ሰው ተቀብሯል።

እኔ የቻልኩትን ልቁጠርላችሁ። ያለ አስተማሪ ሙያ ተማርኩ። ሌላው የጣለውን ነፍጥ አዳንኩ። በዚሁ ሥራ ቤት ሠራሁ፣ ልጆች ዳርኩ። የጋሽ ደምሴን አፈሙዝ በሌላ ሰው ጠብመንጃ ላይ ገጠምኩት፤ ዛሬም አንድ ጊዜ እንኳ ሳይከሽፍ ይተኩሳል። ንጹሑን ሰው በአገሩ ፊት ዝገታም ብዬ አስቀበርኩት። ይህንንም ማንም አላገዘኝም፤ ብቻዬን ነው የሠራሁት።